ፍርዱ እጇ ላይ ነው፤ ልጇ ጂዳ ነው

ይድረስ ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን፣

እኔ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ቆቦ ከተማ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ጃንጥላ ዘርግቼ የሰው አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ድሮ በታይፕ፣ አሁን በኮምፒውተር። የእርሻ ድንበር፣ የብድር፣ የውርስ፣ የፍቺ፣ የቀለብ ክስ ሲመጣ «ጉዳዩ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚጻፈውን ጣቴ ራሱ ያውቀዋል። ጣቴ የቆመው አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን አባቱ ሳዑዲ እንደወሰደባት ልታጽፈኝ የመጣች ቀን ነው።

ምን ብዬ ልጻፍ? «ጠለፋ» ልል ነበር። ጠለፋ ግን በእኛ አፍ የልጃገረድ ነው፤ ስንሰማው ፈረስና ሚዜ ነው የሚታየን። «አፈና» እንዳልል ልጁ እየሳቀ፣ የአባቱን እጅ ይዞ ነው የሄደው። እሷም ብትሆን «ወሰደብኝ» ከሚል በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም። «ጉዳዩ፦ ልጄን ስለወሰደብኝ» ብዬ ጻፍኩላት። ወረቀቱን ያቀረበችለት አንድ የጸጥታ ሰው አንብቦ፣ «አባት ልጁን ቢወስድ ወንጀሉ ምኑ ላይ ነው?» አላት። ክፉ ሰው ነው አልልም። እኔም ቃል አጥቼ ነበር፤ እሱም አጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልና ሚስቱ የተፋቱት ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው ነው። ፍርድ ቤቱ ልጁ ከእናቱ ጋር እንዲኖር፣ አባትየው እየመጣ እንዲጠይቀው ወሰነ። ፍርዱን አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ፍርድ ነው። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ እንደሚያዘው የልጁን ዕድሜና ጥቅም አመዛዝኖ የተጻፈ ነው። አባትየው ኢቃማ፣ የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው፣ ጂዳ የሚሠራ ሰው ነው። ለዒድ መጣና «እናቴ ዘንድ ሮቢት ሦስት ቀን ይዋልላት» ብሎ ልጁን ተቀበላት። ፓስፖርቱ ገና ሳይፋቱ፣ «ሁላችሁንም እወስዳችኋለሁ» ባለበት ጊዜ የወጣ ነበር። በአምስተኛው ቀን በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ተደወለላት። ልጁ ከኋላው ነጭ ግድግዳና ኤሲ እየታየ፣ «እማ፣ አውሮፕላን ወጣሁ» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇ ላይ ያለው ፍርድ ላም አለኝ በሰማይ ሆነባት።

የአፈጻጸም መዝገብ ከፈትንላት። ዳኛው አባትየው ልጁን ይዞ እንዲቀርብ አዘዘ። ይዞ የሚቀርበው ሰው ጂዳ ነው። ተከሳሽ ሀገር ውስጥ ከሌለ ጥሪው በጋዜጣ ይወጣል፤ ወጣ። ጂዳ ግንባታ ላይ የሚውል ሰው የአዲስ ዘመንን የማስታወቂያ ገጽ ሊያነብ ነው? አላነበበም፣ ወይም አንብቦ ዝም አለ። ጠበቃ አማከርን። ያገኘነው መልስ ባጭሩ፣ ሳዑዲ ፍርድ ቤት ውክልና ልከሽ እንደ አዲስ ተከራከሪ የሚል ነው። ውክልናው ተጽፎ፣ ተረጋግጦ፣ ዓረብኛ ተተርጉሞ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም አድርጎበት፣ ከዚያ ኤምባሲው ማኅተም አድርጎበት ነው የሚሄደው። ከቆቦ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ እንኳ የአንድ ማኅተም ዋጋ የአንድ ፍየል ዋጋ ነው።

እኔ የሕግ ምሩቅ አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት ሕግ የሚጠቅስ ወረቀት የጻፈ ሰው ግን ሳይወድ በግዱ ያነባል። ያነበብኩትን ለእናንተ መልሼ መንገሬ ድፍረት እንዳይሆንብኝ። የምጽፈው እናንተ ስለማታውቁት አይደለም፤ ቆቦ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ እንድታዩት ነው።

መጀመሪያ ያ የጸጥታ ሰው ለጠየቀው መልስ አለ። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ እኛም በአዋጅ ቁጥር 283/1994 ተቀብለነዋል። አንቀጽ 29 ሕፃናትን ከመወሰድ፣ ከመሸጥና ከመነገድ እንድንጠብቅ ሲያዝ፣ ድርጊቱ በማንም ይፈጸም በማን ይላል፤ ከዚያም ወላጆችንና አሳዳሪዎችን ጨምሮ ብሎ ለይቶ ይጠራቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 11 ልጅን ከሕግ ውጪ ወደ ውጭ መውሰድንና አለመመለስን መንግሥታት እንዲዋጉ ያዛል፤ ይህን ለማድረግም እርስ በርስ ስምምነት እንዲያደርጉ ይነግራቸዋል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። በአንቀጽ 36 ደግሞ ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632፣ በ2000 ዓ.ም.፣ የሕፃኑን ጥቅም ከወላጅ አባት ጥያቄ በላይ አስቀምጦ ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ሲወስን የጠቀሰው ይህንኑ አንቀጽና ይህንኑ ኮንቬንሽን ነው። ስለዚህ ሕግ የለም ብዬ አልከስም። ሕጉ አለ፤ ግን እስከ ድንበር ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው።

ድንበሩ ላይ የሚሆነውን እዩልኝ። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የ1958ቱ፣ በአንቀጽ 458 የውጭ ሀገር ፍርድ እዚህ የሚፈጸመው የኢትዮጵያ ፍርድ በዚያ ሀገር የሚፈጸም ሲሆን ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሳዑዲ የአፈጻጸም ሕግም በበኩሉ የሰው ሀገር ፍርድ የሚፈጽመው ያ ሀገር የሳዑዲን ፍርድ የሚፈጽም ከሆነ ነው ይላል። ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው «ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ። በእነሱ መካከል የቆመው የዚያች ሴት ልጅ ነው፤ ማንም ሳይገባ ሦስት ዓመት አለፈው። የዓረብ ሊግ ሀገሮች እ.ኤ.አ. በ1983 ሪያድ ላይ በተፈራረሙት የፍትሕ ትብብር ስምምነት የአንዱ ፍርድ ለሌላው መንገድ አለው። እኛ የዚያ ሊግ አባል አይደለንም፤ በእሱ ምትክ የሚቆም የራሳችን ስምምነት ያስፈልገን ነበር።

አንድ ነገር ሳላነሳ ባልፍ ሆዴ አይችልም። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የውጭ የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎች የሚታወቁበትንና የሚፈጸሙበትን የኒውዮርክ ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ተቀበለች። ስምምነቱ ከ170 በላይ ሀገሮችን ያቀፈ ነው። መልካም አደረገች። ሁለት ኩባንያዎች በሲሚንቶ ወይም በቡና ቢጣሉ፣ ውሳኔው በየትኛውም አባል ሀገር ቢሰጥ እዚህ በር አለው። ገንዘብ ድንበር የሚሻገርበትን ሕግ ማሰናዳት የቻለ እጅ፣ ልጅ የሚመለስበትን ማሰናዳት አያቅተውም። ይህን የማምነው ከልቤ ነው፤ ለወቀሳ አይደለም።

ለዚህ ተብሎ የተሰናዳው ስምምነት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1980 ሄግ ላይ የወጣው ኮንቬንሽን ነው። ዛሬ ከ100 በላይ ሀገሮች አሉበት። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያ፣ ዛምቢያ፣ ሌሶቶ ገብተዋል፤ እኛ አልገባንም። አሠራሩን ሳነብ የገረመኝ ልከኝነቱ ነው። ልጁ ለማን ይገባዋል የሚለውን አይወስንም። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ይኖርበት ከነበረው ሀገር ያለ አግባብ ተወስዶ ከሆነ፣ በመጀመሪያ ወደዚያው ይመለስ፣ ክርክሩ እዚያ ይካሄድ ይላል፤ የመመለሱ ነገር በስድስት ሳምንት እንዲያልቅ ይጠበቃል። አባል ሀገር ሁሉ አንድ ማእከላዊ ባለሥልጣን ይሰይማል። እናትየዋ የምታንኳኳው በር አንድ ነው፤ የቀረውን ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ ይጻጻፋሉ። አንድ ዓመት ካለፈና ልጁ አዲሱን ኑሮ ከለመደ ግን መመለሱ እርግጥ አይሆንም። ያን አንድ ዓመት ሳነብ የዚያች እናት የጋዜጣ ጥሪ ብቻውን ስንት ወር እንደበላ አሰብኩ።

ኮንቬንሽኑን ፈርሙ ብዬ ብቻ ብቀመጥ ግን ለእኛ ለራያ ሕዝብ ግማሽ እውነት መናገሬ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ አልፈረመችም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ኩዌት፣ ሊባኖስም አልፈረሙም። የቆቦ፣ የሮቢት፣ የጎብዬ፣ የዋጃ ልጅ የሚሄደው ደግሞ እዚያ ነው። ከዞብል ተራራ ማዶ አፋር ነው፤ ከአፋር ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ባሕሩ፣ ከባሕሩ የመን። በባሕር ሄደው የጠፉ ወጣቶቻችንን ስም እያንዳንዱ ቀበሌ ቆጥሮ ይነግራችኋል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ በተጀመረው የሳዑዲ አሰሳ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ማሽላ ያልያዘ ቤት ቢኖር እንኳ ተመላሽ ያልያዘ ቤት ያለ አይመስልም ነበር። እዚያ የተጋባ፣ እዚያ የወለደ ብዙ ነው። አንዱ ሲያዝ አንዱ ይቀራል፤ ልጅ የያዘውም ያልያዘውም ይለያያል። ስለዚህ ኮንቬንሽኑ ለዋሽንግተን፣ ለቶሮንቶ፣ ለስቶክሆልምና ለቴል አቪቭ ወገኖቻችን በር ይከፍታል፤ እሱም ቢሆን እኛን ተቀብለናል ለሚሉን አባል ሀገሮች ብቻ ነው የሚሠራው። ለቆቦ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ነው።

መንገዱ አለ። እንግሊዝና ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ2003፣ ፓኪስታን ገና የኮንቬንሽኑ አባል ሳትሆን፣ በዳኞቻቸው በኩል አንድ አጭር ፕሮቶኮል ተፈራረሙ። ልጁ ይኖርበት የነበረው ሀገር ፍርድ ቤት ጉዳዩን ይመልከት፣ በሁለቱም በኩል የሚገናኙ ዳኞች ይሰየሙ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ማልታ ላይ በተጀመረ ውይይት የኮንቬንሽኑ አባላትና ሕጋቸው በሸሪዓ ላይ የቆመ ሀገሮች፣ የቤተሰብ ሽምግልና እንዴት ድንበር እንደሚሻገር ሲመክሩ ቆይተዋል። ከሪያድ ጋር ስለ ሠራተኛ ስምሪት የምንነጋገር፣ ስለ ተመላሾች የምንነጋገር ከሆነ፣ ስለ ልጆች አንድ ገጽ መጨመር የማይቻል ነገር አይደለም።

ሽምግልና ካልኩ አይቀር፣ እኛ ዘንድ የሆነውን ልንገራችሁ። ፖሊስም ዳኛም ያልደረሰበት ጂዳ፣ ሮቢት ያሉ ሽማግሌዎች ደረሱበት። አባትየው ጂዳ ይሁን እንጂ እናቱ፣ ወንድሞቹ፣ መሬቱ፣ መቃብሩ እዚህ ነው። ራያ ደም የተቃባን ዘወልድ በሚባለው ሽምግልና የሚያስታርቅ ሕዝብ ነው፤ ሽማግሌ ደጁ ሲቀመጥበት ዝም የሚል ቤተሰብ የለም። ሽማግሌዎቹ ከአያትየዋ ደጅ ሁለት ቀን ዋሉ። በሦስተኛው ቀን አያትየዋ ራሷ ስልኩን አንስታ ልጇን ተቆጣች። ተዘግቶ የነበረው ኢሞ ተከፈተ፤ ልጁ በየጁምዓው ከእናቱ ጋር መነጋገር ጀመረ። አባትየውም ለመጪው ክረምት ይዞት እንደሚመጣ ቃል ሰጠ። ክረምቱ መጣ፤ በቀለብ ላይ ተጣሉና ስልኩ እንደገና ተዘጋ። ሽማግሌዎቹ ያመጡት ቃል ወረቀት አልነበረውም። ያ ዕርቅ ተጽፎ፣ ጂዳ ባለው ቆንስላ ፊት በአባትየው ተፈርሞ፣ እዚህ ፍርድ ቤት ጸድቆ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የምጽፈው ደብዳቤ ሌላ ይሆን ነበር። ሽማግሌ አለን፤ ፊርማ የሚቀበልልን መሥሪያ ቤት ነው ያጣነው።

አሁን ደግሞ የሚከብደኝን ልጻፍ። የተወሰደብን ብቻ አይደለንም፤ የወሰድንም ነን። ከጂዳ አንዲት ሴት በድምፅ መልእክት ጉዳይዋን አስጽፋኛለች። የሦስት ዓመት ልጇን አባቱ «ዘመድ ላሳይ» ብሎ ይዞት መጥቶ፣ ከራሱ እናት ጋር ትቶት ተመልሷል። ልጁ የሚያድገው ከእኔ ጠረጴዛ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። እሷ ከሥራዋ ብትወጣ ኢቃማዋ ይበላሻል፤ ብትመጣ መመለሻ የላትም። ልጁን የያዙት ሰዎች ጎረቤቶቼ ናቸው፤ አይከፉም፣ ያበሉታል፣ ያለብሱታል። «እናቱ ዓረብ ሀገር ናት፣ በምን ታሳድገዋለች?» ይላሉ። በመንደሩ እናቱን ሳያውቅ ያደገ ልጅ አዲስ ነገር አይደለምና ማንም አይደነቅም። የእኛ ልጆች ይመለሱልን ስንል፣ እዚህ ያሉትንም የምንመልስበት ሕግ መፈለጋችን መሆኑን ቀበሌያችን ሊሰማው ይገባል። ይህን ስል ቅር የሚሰኙብኝ ዘመዶች አሉኝ።

አንድ ስጋትም አለኝ፤ ሳልደብቅ ልናገር። በሄግ ኮንቬንሽን ጥናቶች መሠረት ልጅ ይዘው ከሚሄዱት ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት እናቶች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ከዱላ የሸሹ አሉ። «ልጁ ይመለስ» የሚለው ደንብ እንዲህ ያለችውን ሴት ወደ ገራፊዋ ደጅ የሚመልስ መሆን የለበትም። ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 13 ለልጁ ከባድ አደጋ ካለ ዳኛው አልመልስም ማለት ይችላል ይላል። ወደ አማርኛ ስትመልሱት፣ ለዳኞች መመሪያ ስትጽፉለት፣ ይህ አንቀጽ ከኋላ የተቀመጠ ትንሽ ሐረግ እንዳይሆን አደራ እላለሁ።

ስምምነት ጊዜ ይፈልጋል፤ አውቃለሁ። ሳይፈረም ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች ግን አሉ፤ ከጠረጴዛዬ ሆኜ የሚታዩኝን ልናገር። የፍቺ ፍርድ ሲሰጥ «ልጁ ያለ ሁለቱ ወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም» የምትል አንዲት መስመር ብትገባበትና ትእዛዙ ያኔውኑ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ቢደርስ፣ ያ የድሮ ፓስፖርት ቦሌ ላይ ይቆም ነበር። እናት ከፈራች በኋላ ብቻ የምትጠይቀው እግድ ሁልጊዜ አንድ አውሮፕላን ይዘገያል። በዞብል በኩል የሚወጣውን ቦሌ አያቆመውም፤ ለእሱ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል።

የልደት ምዝገባ ሌላው ነው። ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 760/2004፣ አለ፤ በሀገሪቱ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በቆቦ ሲያልፍ ግን ብዙ ወረቀት ይዞብን ሄዷል። ሳዑዲ ያለ ኢቃማ የተወለደ ልጅ ደግሞ ከመጀመሪያውም ወረቀት የለውም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ከእናቱ ወይም ከአባቱ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ስለዚህ ጂዳና ሪያድ ያሉ ጽሕፈት ቤቶቻችን ማን ወለደው፣ ማን አለው ብለው የሁለቱንም ወላጆች ስም ቢመዘግቡ፣ ሌሴ ፓሴ፣ የመመለሻ የጉዞ ሰነድ፣ ሲሰጡም «ሌላው ወላጅ የት ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ከብዙ ክርክር ይድናል። ልጁ ያለበትን ሄዶ ማየት፣ ጤናውን መጠየቅ፣ ትምህርት ቤት መግባቱን ማረጋገጥም የቆንስላ ሥራ ነው። ያ ልጅ ዜጋችን ነውና።

የት እንዳለ ሳይታወቅ የጠፋም አለ። ፌዴራል ፖሊስ ውስጥ ባለው የኢንተርፖል ቢሮ በኩል ለጠፉ ሰዎች፣ በተለይም ለሕፃናት፣ ቢጫ ማስታወቂያ ማስወጣት እንደሚቻል የቆቦ እናት ከየት ትሰማ? የሚነግራት ሰው አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ልመናዬ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚህ ላይ ነው። ከእናንተ መሥሪያ ቤት አንድ ክፍል፣ አንድ ክፍል ከበዛም አንድ ጠረጴዛ፣ ስሙ የታወቀ፣ ስልኩ የሚነሳ። እናትየዋ ፍርዷን የምትሰጠው፣ ለውጭ ጉዳይ የሚጽፍላት፣ ከቆንስላው መልስ የሚቀበልላት፣ ከፖሊስና ከኢሚግሬሽን የሚያገናኛት፣ የሽማግሌዎቻችንን ቃል ወረቀት ላይ የሚያሳርፍላት። ሄግ ስትገቡ ማእከላዊ ባለሥልጣን ልትሰይሙ ግድ ነው፤ ዛሬ ብትሰይሙት የሚከለክላችሁ ስምምነት የለም። እስካሁን እሷን አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲልካት፣ ሌላው ወደ መጀመሪያው ሲመልሳት አይቻለሁ። የማንንም ቢሮ ስም አልጠራም፤ ሁሉም «የእኛ ሥራ አይደለም» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ የማንም ሥራ ተብሎ አልተጻፈምና።

ልጁ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ስልኩ ለአንድ ቀን ተከፍቶላት ነበር፤ እኔ ዘንድ ሆና ነው ያነጋገረችው፣ የእሷ ስልክ ኔትወርክ ስላልያዘላት። ስለ ላማቸው ሊጠይቃት ሲል «ላም» የሚለው ቃል ጠፋውና በዓረብኛ ነገራት። እሷ አልገባትም። እኔም አልገባኝም። ከጎን ያለ ከዓረብ ሀገር የተመለሰ ወጣት ተረጎመልን። ሲዘጋ «አብሽሪ» አልኳት፤ ሌላ የምላት አልነበረኝም።

ማመልከቻዋን በዚህ ሳምንት እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ። «ጉዳዩ» ከሚለው ቀጥሎ «ከኢትዮጵያ ያለ አግባብ ስለተወሰደ ልጄ መመለስ» ብያለሁ፤ ቃሉን በመጨረሻ አግኝቼዋለሁ። ፍርዱን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የጋዜጣውን ጥሪ አያይዣለሁ። ከላይ «ለ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ያለው ቦታ ባዶ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ስትልኩልኝ እሞላዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ራፖር ጸሐፊ፣ ቆቦ